የማን ልክ?

ልጄን «ጥይት» ያሏት ሰፈር ውስጥ ሮጦ የሚቀድማት ስለጠፋ ነው። ሳንባ ምች ይዟት ከተሻላት ወዲህ ግን የቤታችንን ደረጃ ወጥታ አትጨርስም፤ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። የምንኖረው ተራራው አናት ላይ ነው። የሳንባ መለኪያው ማሽን ያለው ደግሞ ታች፣ ቆላው ከተማ። መንትያዋን፣ ድንቢጥን፣ የምተውለት ሰው ስላጣሁ ሁለቱንም ይዤ ወረድኩ። እዚያ የምትኖረው የባለቤቴ እህት ሆስፒታል ድረስ አብራን መጣች።

የማሽኑ ባለሙያ ጥይትን ቱቦ አስነከሰቻት። «ሳቢ፣ ሳቢ! ያዢው! አሁን ልቀቂ!» ማሽኑን አየት አደረገችና «እናቷ፣ ልጅሽ ልክ ናት። ሳንባዋ አየሩን ወደ ደሟ በደንብ ያሳልፋል። ውሰጃት» አለችኝ።

«ደረጃ መውጣት ያቃታትስ?»

«አላልኩሽም?» አለች የባለቤቴ እህት። «አሞላቀቅሻት! ከትምህርት ቤት መቅረት ጣፍጧት ነው።»

ደሜ ፈላ። «ልክ ስትዪ የማን ልክ ነው?» አልኳት ባለሙያዋን።

«የጤነኛ ልጅ ነዋ!»

«ጤነኛዋ ይቻትልሽ! ለኪያት!» ድንቢጥን ጎትቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት።

እየተነጫነጨች ለካቻት። ቁጥሩን ስታይ ማሽኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ተበላሸ መሰለኝ፤ ይሄ በጣም በዛ።» ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ሐኪሙን ጠራች።

ሐኪሙ የሁለቱን ውጤት አስተያየና «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለ። ስነግረው ግንባሩን አሸት አደረገ። «ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። እዚያ ያደገ ልጅ ሳንባ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያሳልፈው ከቆላ ልጅ አብልጦ ነው። ማሽናችን የሚያወዳድረው ግን ከቆላ ልጆች ጋር ነው። ለእነሱ ደህና የሆነው ቁጥር፣ ከእህቷ ጋር ሲታይ፣ ለታመመችው ልጅሽ የወረደ ነው። ሳንባዋ ሳይጎዳ አልቀረም። ተኝታ ትመርመር።»

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ግን ንዴቱ እንባዬን አደረቀው።

«ዶክተር፣ መንታ ባልወልድስ ኖሮ? ከእኛ ሰፈር የሚወርድ ልጅ ሁሉ መንትያ አለው እንዴ? ስንቱን ደህና ነህ ብላችሁ መለሳችሁ?»

«ተረጋጊ እናቷ፣ እናጣራለን።»

«አልረጋጋም! መቼ ነው የምታጣሩት?»

የባለቤቴ እህት እጅጌዬን ሳበችኝ። «ኧረ ሰው ያየናል!»

«ይየን!»

ጥይት አልጋ ላይ ስትወጣ ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ አንቺንም ይለኩሽ እንዴ? ትንፋሽ አጠረሽ እኮ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነባት።

ለእሷ ስል አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ ሲወስዳት ተነሥቼ፣ ያልመለሰልኝን ጥያቄ ይዤ የሐኪሙን በር አንኳኳሁ።