ጎሬ የመጣው ባሮንነት

የኦርንስሌይ ባሮንነት የተባለው የእንግሊዞች የመኳንንት ማዕረግ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጎሬ ገብቶ እትዬ የሻረግ ቤት ተቀመጠ። አብሮት ሰው አልነበረም፤ ማዕረጉ ብቻውን ነው የመጣው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝና እዚያው ነበርኩ። በሩ ገርበብ አለ፤ ማንም አልገባም፤ ሁለታችንም ግን ሳንማከር ብድግ ብለን «ኖር» አልን። ወገቤን የሚያመኝ ሰው ነኝ፤ ለወረዳው አስተዳዳሪ እንኳ እንዲህ ፈጥኜ ተነሥቼ አላውቅም። «በእግዜር» የሚል መልስ አልመጣም። ትልቁ ወንበር ሲጢጥ አለ፤ የትራሱ መሐልም ጎደጎደ።

ማንነቱን ያወቅነው በስልክ ነው። የእንግሊዞቹን ጉዳይ የሚከታተል ጠበቃ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«አባትዎ ሎርድ ኤድመንድ አርፈዋል። ከቀብራቸው በኋላ ማዕረጉ ከቤት ወጥቶ ጠፋ። እርስዎ ዘንድ መጥቶ ይሆን?»

«መጥቷል፤ ተቀምጧል» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ወንድም አለዎት?»

«የለኝም።»

«ወንድ ልጅስ?»

«አልወለድኩም።»

«እንግዲያው ይከስማል። ከወንድ ወደ ወንድ ካልሆነ አይተላለፍም። ወራሽ እንደሌለ እስኪረዳ ነው፤ እስከ እሑድ ቢቆይ ነው።»

ጠበቃው ወሬ የሚወድ ሰው ስለነበረ አመጣጡንም ነገረን። ዱሮ አንድ ንጉሥ ከጦርነት ሲሸሽ ኦርንስሌይ መንደር ላይ ፈረሱ ሞተበት። አንድ ባለርስት ፈረሱን ሰጠው፤ ንጉሡም ባሮንነት ሰጠው። ፈረሱ በዓመቱ ሞተ፤ ባሮንነቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተሻገረ ሦስት መቶ ዓመት ኖረ። እኛ አገር ሹመት ከሰውየው ጋር ይቀበራል፤ የደጃዝማች ልጅ ደጃዝማች ካልተባለ ብሎ የሚያኮርፍ የለም። የእነሱ ግን ከሬሳው ላይ ተነሥቶ ይሄዳል።

ኤድመንድ በወጣትነቱ ጎሬ የመጣው መንገድ ሊቀይስ ነበር። የእትዬን እናት አገባ። የሻረግ ሦስት ዓመት ሲሆናት አገሩ ያለው አባቱ ሞተ፤ ማዕረጉ ጠራው፤ «ተሹሜ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ፤ ቀረ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው እንግዲህ ያ አባታቸውን የወሰደባቸው ነገር ነው። እኔ ብሆን ባስወጣሁት። እትዬ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አባታቸውን የናፈቁ ሰው ናቸው፤ ከእሱ ጋር እስከ መጨረሻው የኖረ ምስክር ደጃቸው ድረስ ሲመጣ ቁጣው ከየት ይምጣ።

«ስሜን አንሥቶ ያውቃል?» ብለው ወንበሩን ጠየቁት።

ማዕረጉ በሽማግሌ ድምፅ «ነይ» አለ። «ነይ የሹዬ። ቀስ ብለሽ፤ እዚያ ጋ ጭቃ ነው።»

 እትዬ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

ነገሩ ከንክኖኝ ለጠበቃው ደወልኩ። ሎርድ ኤድመንድ ነቅተው ሳሉ አንድ የአማርኛ ቃል እንዳልወጣቸው፣ ሲተኙ ግን ሌሊቱን በማይታወቅ ቋንቋ እንደሚያወሩ፣ ሠራተኞቹም እንደለመዱት ነገረኝ። ማዕረጉ የሚያውቀው አማርኛ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ለትንሽ ሴት ልጁ የሚላት። «ጫማሽን አድርጊ» ይላል። «አትሩጪ» ይላል። እትዬ የሻረግ፣ ሰባን ያለፉ ሴት፣ «እሺ አባዬ» እያሉ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ሁለት ቀን ዋሉ። አንጀቴን በሉት።

ቅዳሜ ድምፁ እየሳሳ መጣ።

«ደርቤ፣ ዳግመኛ ሊሄድብኝ ነው» አሉኝ። «የአሁኑን አልችለውም።»

መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ልጅ የሌለው ሰው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባል፤ የጠባውም የጡት ልጁ ይሆናል፤ ዕድሜ አይጠየቅም።

«እኔ ልጥባና ወንድ ልጅዎ ልሁን» አልኳቸው። «በእኔ ላይ ይቆያል።»

«ሎርድ ደርቤ መባል አማረህ።»

ትንሽ አምሮኝም ነበር። ማሩን አመጣሁ፤ እትዬም አውራ ጣታቸውን ነከሩት። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን፣ ነገሩ እንዳይበላሽ ብዬ፣ ጠበቃውን ጠየቅሁት።

«የኦርንስሌይ ሕግ ማር አያውቅም» አለ። «ወራሹ ከአብራክ የወጣ ወንድ መሆን አለበት።»

እትዬ ሰምተዋል። ጣታቸውን አልጠረጉትም። ወደ ወንበሩ ዘረጉት።

«በል እንግዲህ» አሉት። «ወራሽ ካጣህ አንተው ልጅ ሁን።»

 ማሩ ከጣታቸው ጫፍ ጀምሮ እያነሰ ሄደ፤ የመጥባት ድምፅም ተሰማ። ማሩ አልቆ እንኳ አላቆመም። የወንበሩ ትራስ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ የእትዬ ቀሚስ ጭናቸው ላይ ጎደጎደ። ጉድጓዱ የሕፃን ልጅ መቀመጫ ያህል ነው።

እሑድ ጠበቃው ደወለ።

«ከስሟል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የኦርንስሌይ ባሮን የሚባል ነገር የለም።»

«እሺ» አልኩት። «ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ተኝቷል።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ ከበርጩማው አልተነሡም። ምግብ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ላግዛቸው ስል «ተው፣ ይነቃብኛል» ይሉኛል። ጉድጓዱ አላደገም፤ ክብደቱ ግን በየቀኑ ይጨምራል። ዛሬ ቁርስ ይዤ ስገባ የበርጩማው እግሮች የወለሉ ሲሚንቶ ውስጥ ገብተው አልቀዋል። የእትዬም እግር እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብሮ ገብቷል። ከጭናቸው ላይ የሽማግሌ ማንኮራፋት ይሰማል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እሹሩሩ ይላሉ።