«ይመጣል» ያለው አስተርጓሚ

ብዋሽ ሞቼ ልገኝ፤ ኮምቦልቻ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የካርቱን ፊልም ልጅ ከስክሪኑ ወርዳ አስተርጓሚውን ወቅሳ ሄደች።

አስተርጓሚው ማንደፍሮ ይባላል። ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጥና የውጭ ፊልም በአማርኛ ያወራል። የማያውቀውን ቋንቋ ሁሉ ይተረጉማል። ያቺ ፊልም ደግሞ አታስቸግርም፤ አንዲት ቤት፣ አንድ ኮረብታ፣ አንዲት ልጅ። ወንድሟ ተረግሞ ሽመላ ይሆንና ይበራል፤ እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች፤ አለቀ። ሙዚቃ እንኳ የላትም። ግን የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ያለቅሱባታል። እንባው ወለሉን ሞልቶ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት በቦት ጫማ ነበር የሚገባው።

ማንደፍሮ አንጀቱ አልችል ብሎት፣ ፊልሟ ልታልቅ ስትል «አይዞሽ እቴ፣ ከኮረብታው ማዶ ደርሷል፤ ይመጣል!» ማለት ጀመረ። ሰዉም ተጽናንቶ ይወጣል። አራት ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ፣ እንዲሁ አለ። ልጅቷ እየሰማች አማርኛ ትለምዳለች ብሎ አላሰበም።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ኮረብታውን ማየት ትታ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ የት ደረሰ?»

ማንደፍሮ ማይኩን አወረደ። «ማን?»

«ወንድሜ ነዋ። እኔ እኮ እርስዎን አምኜ አንድ ቀን እንኳ ልፈልገው አልተነሳሁም።»

«የኔ ልጅ፣ ሰው እንዳያዝን ብዬ እንጂ...»

«እና እኔስ?»

ከኋላ አንድ ሾፌር፣ «ኧረ ንገራት፣ አንተ ሰውዬ!» አለ።

«ፊልሙ ላይ አይመጣም» አለ ማንደፍሮ።

ልጅቷ ቀሚሷን አራገፈች። እግሯን በስክሪኑ ጠርዝ አሻግራ ወረደችና፣ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» እያለች በወንበሮቹ መካከል አልፋ፣ የበሩን መጋረጃ ገልጣ በደሴ መንገድ ሄደች።

በሚቀጥለው እሁድ ፊልሟ ተከፈተች። ደጃፉ ባዶ ነው። ሽመላው ከኮረብታው ማዶ መጣ፤ አረፈ፤ ሰው ሆነ። በሩን አንኳኳ። የሚከፍትለት ሲያጣ ወደ ተመልካቹ ዞሮ፣ «እህቴ የታለች?» አለ። ድምፁ የማንደፍሮ ነበር።

«ትመጣለች» አለው ማንደፍሮ።

ወንድምየው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ወዲያው መብራት ጠፋ። እሱ ግን በጠቆረው የስክሪን መስታወት ውስጥ እንደ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ከማንደፍሮ ሳይነቅል ቀረ።

ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ቃል ናት፤ «ትመጣለች» የምትለዋ። ማንደፍሮ እንዲያ አላለም። ማይኩን ነው ያወረደው።