ስድስተኛው ስዋሚ

እኔ እምሩ ቁጡ ነኝ፤ ፒያሳ ያወቀው ነው። ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው የሕንዶች ገዳም ሠላሳ አምስት ዓመት በዘበኝነት ስኖር ስንቱን ሌባ አጥር ላይ እንዳነቅሁት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ገዳሙን ያቋቋሙት የድሮ ሕንድ ነጋዴዎች ናቸው። አለቃው ስዋሚ ይባላል። እዚያ የሚመነኩስ ሰው አስቀድሞ የራሱን ተዝካር በገዛ እጁ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሚስትም ልጅም የለውም። ሲያርፍ እንደ ሌላው ሕንድ አይቃጠልም። እግሩን አጣጥፎ እንደተቀመጠ ይቀበራል፣ ዙሪያውን ጨው ይሞላበታል፣ ነፍሱ እንድትወጣ አናቱ በኮኮናት ይፈነከታል። እስካሁን ያረፉት አምስት ስዋሚዎች እንዲህ ሆነው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል።

ስድስተኛው ስዋሚ ከመመንኮሳቸው በፊት አራት ኪሎ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። አናት የሚመታው ደቀ መዝሙር ነው፤ እሳቸው ግን አልነበራቸውም። «እምሩ፣ አናቴን የምትመታው አንተ ነህ። ዘመድ እንዳይነካኝ» አሉኝ። ማልኩላቸው።

ባረፉ ማግስት ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጫቸው ጨዉን ሳፈስ ልጃቸው ኪሾር ከሙምባይ ደረሰ። ፒያሳ ነው የተወለደው፤ አማርኛው አልጠፋውም። ኮኮናቱን ብድግ አደረገ።

«አስቀምጥ!»

«ጋሼ እምሩ፣ በእኛ ወግ የአባቱን አናት የሚመታው የበኩር ልጅ ነው።»

«ልጅ የላቸውም!»

ገፈተረኝ። ደሜ ፈላ። አካፋውን አንስቼ ኮኮናቱን በያዘበት ቀኝ እጁ ላይ አሳረፍኩት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ሊከላከል ያነሳውን ግራውንም ደገምኩት። በጥርሱ መጣብኝ፣ ጆሮዬን ነክሶ ዘነጠለው። በጀርባው ጣልኩት፣ በጉልበቴ ደረቱን ተጭኜ ጉሮሮውን አነቅሁት። ከጆሮዬ የሚወርደው ደም ዓይኑ ውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ልገድለው ነበር፣ አልዋሽም።

ላላ ሳደርግለት እያቃሰተ ተናገረ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እዚሁ ተዝካሩን ሲያወጣ እናቴ ፊቱ ቆማ ባሏ እንደሞተባት ሴት አምባሯን ሰበረች። በቁሙ አለቀስንለት። በሩን የዘጉብን እርስዎ ነበሩ፣ ጋሼ። ዛሬ እንኳ አንዴ ልቅበረው።»

ትዝ አለኝ። ሴትዮዋ በሩን ስትደበድብ እኔ ከውስጥ ተደግፌው ነበር። አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሐላዬን ትቼ ጉድጓዱ አፍ ላይ አቆምኩት፤ ኮኮናቱን አንስቼ ሰጠሁት።

ጣቶቹ አልታጠፉም። ኮኮናቱ ከእጁ አምልጦ አባቱ ጭን ላይ ወደቀ። ወርጄ አውጥቼ ደግሜ ሰጠሁት። በሁለት መዳፉ ሊያቅፈው ሞከረ፣ ጮኸ፣ ደግሞ ወደቀ።

«እርስዎ ይምቱት» አለኝ።

መታኋቸው። ኪሾር የሰበርኳቸውን እጆቹን ታቅፎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያይ ነበር።