የሀንዱራ ጊደር

«ዱሬሳ የገዛ ልጁን ሀንዱራ ለእህቱ ልጅ ሰጠ» ትላለች ጎረቤቱ እትዬ በቀለች። ወንዝ ስትወርድ ትለዋለች፤ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ትለዋለች፤ እሑድ ከጸሎት ሲወጣ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አምስት ሰው በሚሰማው ልክ ትለዋለች።

ወሬው ሁሉንም ዞሮ ያረፈው ቀለሟ ጆሮ ላይ ነው። ቀለሟ የዱሬሳ ልጅ ናት፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዲክሲስ ከተማ በላይ ባለው ድንጋያማ ተዳፋት ላይ መጀመሪያ የሰፈረው አባቷ ነው። ድንጋዩን ሲለቅም «አበደ» ያሉት ሰዎች ዛሬ እዚያው መሬት ላይ ኮምባይነር ስንዴውን ሲያጭድ ቆመው ያያሉ። ቀለሟ የተወለደችው በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ ጣሪያው ሸራ፣ በበረቱ ያለው አንድ በሬ። በአገሩ ልጅ እትብቱ ሲወድቅ ጊደር ይሰጠዋል፤ ሀንዱራ ይሉታል፤ ስትዋለድ የልጁ ሀብት ናት። ወንድሞቿ ኢታናና ሔኖክ በጊዜያቸው ተሰጥቷቸዋል። ለእሷ «ይደርሳል» ተባለ። እነሆ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይደርሳል።

ክረምት ሲገባ ሀሴት መጣች። የአክስቷ ልጅ ናት፤ እናቷ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ከአሰላ አመጧት። ፌስታል ሙሉ ልብስና ቀለም የተቀባ ጥፍር ይዛ መጥታ የቀለሟን አልጋ ተካፈለች። የቀለሟ እናት አልጣሽ የእርጎውን ወፍራም ወፍራም ለሀሴት መቅዳት ጀመረች። «እንግዳ ናት» ትላለች። አራት ወር የሚቆይ እንግዳ ቀለሟ አይታ አታውቅም።

በጥቅምት ዱሬሳ ከገበያ ግንባረ ቦቃ ቀይ ጊደር ነድቶ መጣ። ቀለሟ በሁለት እጇ እበት ይዛ ከበረት ስትወጣ፣ አባቷ ገመዱን ሲያስጨብጥ አየች። ለሀሴት።

ከዚያ ወዲያ የቀለሟ ሰላምታ «እንዴት አደርሽ፣ ባለከብቷ» ሆነ። ሀሴት እየሳቀች «ደኅና» ትላለች፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ጊደሯን እየፈተገች መዝሙር ስትዘምርላት ደግሞ ቀለሟ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «አመነች ወይስ ገና ናት? የምትጠመቅበትን ቀን ንገሪን» ትላታለች።

ታኅሣሥ ላይ ኮምባይነሩ መጣ። ስንዴው ሸራ ላይ ተዘርግፎ ሰው ሁሉ ጆንያ ፍለጋ ሲበተን፣ ክምሩን እንድትጠብቅ የቀረችው ቀለሟ ነበረች። ጊደሯ ገመዷን በጥሳ መጥታ አፍንጫዋን እስከ ዓይኗ እህሉ ውስጥ ቀበረች። ቀለሟ አየቻት። ተነሥታም አባረረቻት፤ ግን ተነሥታ እስክትደርስ ዘገየች፤ ሲያዩዋት እግሯን ያመማት ትመስል ነበር።

ስንዴ የበላ ከብት እስከ ማግስቱ ውሃ አይቀምስም፤ እህሉ ሆዱ ውስጥ ያብጣል። ይህን እዚያ ተዳፋት ላይ ያደገ ሁሉ ያውቃል። አሰላ ከተማ ውስጥ ያደገ ግን ከየት ያውቃል?

ሀሴት እያለከለከች ደረሰች። ጊደሯ ስንዴ መብላቷን አላየችም፤ ያየችው የጊደሯን ምላስ ነው።

«ጠምቷታል መሰለኝ። ውሃ ላጠጣት?»

ቀለሟ አጠገቧ የነበረውን አንዱን ጆንያ አፉን አሰረች። ፈታች። እንደገና አሰረች።

«ያንቺ አይደለችም እንዴ? እንደፈለግሽ።»

ሀሴት አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች፤ ከዚያ ተወችውና ጊደሯን ወደ ወንዙ ይዛት ወረደች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የጊደሯ ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተነፋ። ዘይት አጠጧት፤ ዳገቱን አስሮጧት፤ ኢታና በጡጫ ጎኗን አሸ። የመንደሩ ሰው እንደተሰበሰበ ወደቀች፣ አልተነሣችም። እትዬ በቀለች ከንፈሯን መጠጠች። ቀለሟ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት ዱሬሳ ገፈፋት። ሀሴት በልቅሶ ዓይኗ አብጦ፣ ርጥቡን ቆዳ አጥፋ ተሸክማ መጣችና ቀለሟ እግር ሥር አኖረችው።

«ምን ላድርገው?» አለች ቀለሟ።

«ለርቢ የተሰጠ ከብት ሲሞት አርቢው ቆዳውን ለባለቤቱ ያስረክባል» አለ አባቷ ቢላዋውን በሣር እየጠረገ። «ደንብ ነው።»

«የማን ርቢ?»

«ያንቺ። ሀንዱራሽ ነበረች። ሀሴት ታርባልሽና የመጀመሪያዋ ጥጃ ለእሷ ትሁን ብዬ ነው ገመዱን ያስያዝኳት፤ ባዶ እጇን እናቷ ዘንድ እንዳትመለስ። ምላስሽን ስለማውቀው፣ ጌታ እንዳትሆኚባት ብዬ ጊደሯ እስክትወልድ ካንቺ ደበቅኩ። ለሀሴት ግን በመጀመሪያው ቀን ነግሬያታለሁ።»