የወይዘሮ ሞድ በር

ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ሄስተር ብራምዌል የዳቦውን ቅርጫት በክንዷ አንጠልጥላ የሰር ኦስዋልድ ቤቶች መግቢያ ላይ ቆመች። ቅርጫቱ ከባድ አልነበረም። የከበዳት ሌላ ነገር ነው።

ዕለቱ የበር ቀን ነበር። ሰር ኦስዋልድ የሱፍ ነጋዴ ነበር ይባላል። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ለደከሙ የዊትልፎርድ ሰዎች እነዚህን ትንንሽ የድንጋይ ቤቶች በአንድ ግቢ ዙሪያ አሠርቶ፣ ጥበቃቸውን ለከተማው ሰው አደራ ብሎ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ባለአደራ ሲሞት ባለአደራ ይተካል። ደመወዝ የለውም። ጣሪያ ሲያፈስ ያስጠግናል፣ ቤት ሲለቀቅ ለማን ይሰጥ ብሎ ይመክራል። በጥቅምት ደግሞ በበር ቀን ባለአደራዎቹ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጫፉ ናስ በሆነ በትር ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ነዋሪው ከፍቶ "ግቡ፣ ቤቱ ሞቋል" ይላቸዋል። እነሱም ዘቢብ የገባበት ዳቦ ይሰጡታል። በቃ፣ ቤቱ እስከ ከርሞ የእሱ ነው።

በመግቢያው ቅስት ላይ የሰር ኦስዋልድ ቃል ተቀርጿል፦ "በሩን በገዛ እጁ ለሚከፍት።" በሩን መክፈት ያቃተው ሰው ራሱን ችሎ መኖር አልቻለም ተብሎ በጎረቤት ከተማ ወዳለው የአዛውንቶች መጦሪያ ይሄዳል። መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ሞቃት ነው፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው ግን የለም።

ሄስተርን ያስጨነቃት የመጨረሻዋ ቤት ናት፣ ፕሪም ዛፉ ሥር ያለችው። የወይዘሮ ሞድ ትራንተር ቤት።

ወይዘሮ ሞድ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነበሩ። የዊትልፎርድ ሰው ግማሹ የእሳቸውን ድንች በልቶ ነው ያደገው። ዛሬም ምግባቸውን ራሳቸው ይሠራሉ፣ አልጋቸውን ራሳቸው ያነጥፋሉ፣ ምላሳቸውም አልደነዘዘም። ጣቶቻቸውን ግን ቁርጥማት አቆላልፏቸዋል። ሄስተር ባለአደራ ሆና ከተመረጠች ጀምሮ ይህቺን ቤት እንድትጎበኝ ተመድባለችና በሩ እንዴት እንደሚከፈት ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ጎረቤታቸው አቶ ሲሪል ፔድል ከውጭ በትከሻቸው ገፋ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ የድሮ የልብስ መተኮሻ ብረት እንዳይዘጋ ተደርጎበት፣ ብርድም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን፣ ክፍት ይውላል። ሄስተር ይህን ለማንም አልተናገረችም። የጠየቃት ሰውም አልነበረም።

"ወይዘሮ ብራምዌል፣ ቀድመውናል!"

የባለአደራዎቹ ሊቀመንበር አቶ ሊዮኔል ጋሮድ በትሩን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ ጠበቃ ናቸው። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ፣ እጃቸው በቆዳ ጓንት የተሸፈነ ነው። ከኋላቸው ሥጋ ሻጩ አቶ ኔቪል ስታብስ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይከተላሉ። ሁለቱ አብረው የተማሩ ናቸው።

"እንካ፣ ዛሬ አንተ ያዝልኝ" አሉ አቶ ጋሮድ በትሩን ለስታብስ እየሰጡ።

"እኔ? ይህን ሁሉ ዓመት በዓይኔ እንኳ እንዳልነካው ስትከለክለኝ ኖረህ?"

"ያዝ አልኩህ።"

"ሚስትህ ስታባርርህ ቤትህንም እንዲሁ አስረክበኝ" አሉ ስታብስ፤ በትሩን እንደ ወታደር ትከሻቸው ላይ አድርገው ቀድመው ገቡ።

ከቤት ወደ ቤት ዞሩ። በየደረሱበት አቶ ጋሮድ በሩን በጓንታቸው ይደባብሱታል። በእነዚህ በሮች የሚኮሩትን ያህል በልጆቻቸው አይኮሩም። ከሁለት ዓመት በፊት የነበሩት በሮች ስስ፣ ቀለም የተቀቡ፣ ተራ እጀታ ያላቸው ነበሩ። እሳቸው ናቸው በድሮ ሥዕል ላይ ያዩትን አስመስለው ከወፍራም የኦክ እንጨት ያሠሯቸው፤ በእጀታ ፈንታ ክብ የብረት ቀለበት ተደረገላቸው። ያኔ ከተማው ሁሉ መጥቶ አድንቋል። ነዋሪዎቹም "ያምራል" ብለዋል። ሌላ ምን ይበሉ? ቤቱ በነጻ ነው።

"ልክ ሰር ኦስዋልድ እንዳያቸው" አሉ አቶ ጋሮድ።

ስታብስ ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ከውስጥ ቀለበቱ ተንቋቋ፣ የሆነ ሰው አቃሰተ፣ እንጨቱ ሲጥ አለ፣ በሩም ተከፈተ። በሁለተኛው ቤትም እንዲሁ። አቶ ሲሪል ፔድል ቤት ሲደርሱ በሩ ነቃነቅ ብሎ ቆመ፣ እንደገና ነቃነቅ ብሎ ቆመ። በስንት ጣር ሲከፈት አቶ ሲሪል ፊታቸው ቀልቶ፣ አንድ እግራቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው ተገኙ።

"ግቡ" አሉ እያለከለኩ፣ "ቤቱ... ቤቱስ ይቅር፣ እኔ ሞቄያለሁ!"

ስታብስ ሳቁ። ሄስተር ግን አልሳቀችም። የአቶ ሲሪልን እግር አየች፤ እርጥብ ሆኖ ያበጠውን እንጨት አየች፤ ከዚያ ወደ ፕሪም ዛፉ ተመለከተች።

የወይዘሮ ሞድ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወይዘሮ ሞድ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውንና የሱፍ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ልክ ከበሩ ትይዩ ተቀምጠዋል። መተኮሻ ብረቱ የለም። የሆነ ቦታ ተደብቋል።

ስታብስ በትሩን አነሡ፤ የሚያንኳኩበት ነገር ግን የለም። ወደ አቶ ጋሮድ ዞሩ።

"ምኑን ልምታ?"

"ቆይ" አሉ አቶ ጋሮድ። "ወይዘሮ ትራንተር፣ ደህና አደሩ። በሩ መዘጋት ነበረበት።"

"ደህና አደርክ፣ ሊዮኔል። የተከፈተ በር ምን ይከፈታል? ግቡ፣ ቤቱ ሞቋል።"

"አልሞቀም፤ ካፖርት ለብሰዋል።"

"ላንተ ክብር ነው የለበስኩት። ዳቦዬን አምጣ።"

"ሥርዓቱ እኮ እንዲህ አይደለም። መጀመሪያ ይንኳኳል፣ ከዚያ ይከፈታል።"

"ካሮትህን ጠረጴዛ ሥር ደብቀህ 'በላሁ' ስትለኝ ሥርዓት የት ነበር?"

ስታብስ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። አቶ ጋሮድ ግን አልተቆጡም፤ አልሳቁምም። ክፉ ሰው አይደሉም። አምና በሩ እስኪከፈት እዚሁ ብዙ ቆመው ሲጠብቁ አዝነው ነበር፤ ሲመለሱ ግን "ከርሞ ካልቻሉ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም" ብለው ነበር። በክረምት አንዲት ሴት በር ተዘግቶባት ብትወድቅ ተጠያቂው ማን ነው? ሄስተርም ይህንኑ አስባ ታውቃለች።

"ወይዘሮ ብራምዌል" አሉ፣ "ይህን ቤት የሚጎበኙት እርስዎ ነዎት። በሩን የከፈተው ማን ነው?"

ከፕሪም ዛፉ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ወይዘሮ ሞድ ሄስተርን አተኩረው አዩዋት፤ ዓይናቸው "'ራሳቸው ናቸው' በይ" ይላል። አንዲት ቃል ነበረች፤ አንዲት ቀላል ቃል። ሄስተር ግን የከርሞው ክረምት ታያት፤ አቶ ሲሪልም አንድ ቀን ታመው ሊተኙ ይችላሉ።

"አቶ ሲሪል ናቸው" አለች። "ጠዋት ጠዋት እሳቸው ይከፍቱላቸዋል።"

"አመሰግናለሁ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ሞድ። ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዞሩ፤ የባርኔጣቸውም ላባ አብሮ ዞረ።

አቶ ጋሮድ ተነፈሱ። "እንግዲህ..." ብለው ጀመሩ።

"ገና አልጨረስኩም" አለች ሄስተር። በስብሰባ ላይ እንኳ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። "በእነዚህ በሮች እኛ ሁልጊዜ ከውጭ ነው የምንቆመው። ከውስጥ የሞከራቸው ባለአደራ የለም። እስቲ እርስዎ ይግቡና ከውስጥ ይክፈቱት።"

"እኔ?"

"እውነቷን ነው" አሉ ስታብስ፤ ፊታቸው በርቷል። "ግባ፣ ሊቀመንበር! በትሩም በእጄ ነው።"

አቶ ጋሮድ ሁለቱንም አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው ደፉን ተሻገሩ። ስታብስ ቀለበቱን ይዘው በሩን ወደ ውጭ ሳቡት፤ ያበጠው እንጨት መቃኑ ውስጥ ግጥም ሲል ድምፁ ግቢውን አናወጠው። በየደጁ የቆሙት ነዋሪዎች ቀስ እያሉ ቀረቡ። ስታብስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሦስት ጊዜ አንኳኩ።

"በገዛ እጅህ ክፈት፣ ሊዮኔል!"

ቀለበቱ ተንቋቋ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ቀለበቱ እንደገና ተንቋቋ።

"ትንሽ ጠበቅ ብሏል" አለ ድምፅ ከውስጥ።

"ልግፋልህ?"

"እንዳትነካው! እኔ ነኝ የምከፍተው።"

ትንሿ መስኮት ገርበብ ብላ ነበር። ሄስተር ማየት አልፈለገችም፤ ግን የቆመችው እዚያው ነበርና አየች። አቶ ጋሮድ ጓንታቸውን እያወለቁ ነው። የጣቶቻቸው አንጓ አብጦ ወደ ጎን ተጣሟል፤ አንደኛው አውራ ጣታቸው ጭራሽ አይታጠፍም። በትሩን ለምን ለስታብስ እንደሰጡ ያኔ ገባት። በሁለት እጃቸው ቀለበቱን ያዙና ሳቡ። ለቀቁት። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙ።

ወይዘሮ ሞድ ከወንበራቸው ሆነው ሲያዩአቸው ቆዩ። የሚናገሩት ተረብ ነው ብላ ሄስተር ጠበቀች።

"መቼ ጀመረህ?" አሉ ወይዘሮ ሞድ።

"አምና። ቅዝቃዜ ሲሆን ይብሳል።"

"ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ?"

"አይጠቅመኝም።"

"እኔንም አይጠቅመኝም። ደስ ይላል ግን። ተቀመጥ፣ ሊዮኔል። ሚስትህ ታውቃለች?"

ወንበር ተንሸራተተ። ውጭ ስታብስ በትሩን ከትከሻቸው አውርደው ጎናቸው አድርገውታል። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የአቶ ጋሮድ ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ብሎ፦

"ኔቪል። ግፋው።"

ስታብስ አልቀለዱም። ትከሻቸውን አስደግፈው ገፉ፤ በሩ እየጮኸ ተከፈተ። አቶ ጋሮድ ጓንታቸውን እንደያዙ ደፉ ላይ ቆመው እጃቸውን አልደበቁም። የተሰበሰቡትን ነዋሪዎች አንድ በአንድ አዩ። አቶ ሲሪልን ሲያዩ ቆም አሉ።

"የእርስዎም እንዲሁ ነው?"

"ዝናብ ሲሆን በመስኮት ነው የምወጣው" አሉ አቶ ሲሪል።

"ለምን አልነገራችሁንም?"

"በሮቹን በጣም ሲወዷቸው አየን።"

አቶ ጋሮድ በሩን ዳበሱት፤ አሁን በባዶ እጃቸው ነው። "ይላጋል" አሉ። "ሁሉም ይላጋል። ቀለበቱ ከውጭ እንዳለ ይቆይ፣ ለዓይን ያምራል። ከውስጥ ግን በክንድ ተጭነው የሚከፍቱት ረጅም እጀታ ይግባለት። የበር ቀን ዛሬ አላለቀም፤ በሮቹ ሲጠገኑ ይደገማል ብዬ ወስኛለሁ። የሚቃወም ባለአደራ አለ?"

"እኔ አለሁ" አሉ ስታብስ። "ዳቦው ይደርቃል።"

"አዲስ ይጋገራል።"

ሄስተር ከመሄዷ በፊት ወደ ቤቱ ብቅ አለች። ወይዘሮ ሞድ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ነበር። ቀና አላሉም። "ብርድ ይገባል" አሏት ብቻ፤ ሄስተርም መተኮሻ ብረቱን ከወንበሩ ሥር ፈልጋ አውጥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ እንዳይዘጋ አስደገፈችበት።

በተከታዮቹ ቀናት ግቢው የእንጨት ፍቅፋቂ ለበሰ። አናጢው መላጊያውን ይዞ ከቤት ወደ ቤት ዞረ፤ አቶ ጋሮድም ከሥሩ ሳይጠፉ እያንዳንዱን በር ከውስጥ ገብተው ሞከሩ። ሄስተር ማክሰኞ እንደልማዷ ወይዘሮ ሞድ ቤት ሄደች። እንደ ወትሮው ሻይ አልቀረበላትም። ስለ ዝናብ አወሩ።

በሮቹ ሁሉ ተልገው ሲያልቁ በተደገመው የበር ቀንም ዘነበ። ሄስተር ዝናቡን ስታይ እንጨቱ እንደገና ቢያብጥስ ብላ ሰጋች። ሦስቱ ባለአደራዎች ፕሪም ዛፉ ሥር ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ነበር። ስታብስ በትሩን ለአቶ ጋሮድ ዘረጉ፤ አቶ ጋሮድ ደግሞ ወደ ሄስተር ገፋ አደረጉት።

"እርስዎ ያንኳኩ። ቤቱ የእርስዎ አደራ ነው።"

ሄስተር ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ከውስጥ ከዘራ ወለሉን ሲነካ ተሰማ፤ ቀስ፣ ቀስ እያለ ቀረበና ቆመ። እጀታው ወደ ታች ወረደ፤ ተመልሶ ወጣ። እጀታው እንደገና ወረደ፤ በሩም ያለ ምንም ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ተከፈተ።

ወይዘሮ ሞድ ክንዳቸውን እጀታው ላይ እንዳስደገፉ ቆመዋል። ካፖርት አልለበሱም።

"ግቡ፣ ቤቱ ሞቋል" አሉ። "ጫማችሁን ጥረጉ። አንተን ነው የምለው፣ ኔቪል።"

ሄስተር ዳቦውን ከቅርጫቱ አውጥታ ዘረጋችላቸው። ወይዘሮ ሞድ በሁለት መዳፋቸው መሐል አድርገው ተቀበሏት፤ ትንሽ አዩዋትም።

"አንቺ ደግሞ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንሺልኝ" አሏት። "እሱ አሁንም ይከብደኛል።"