ሳቢና ወደ ወገኖቿ የሄደችበት ቀን

ስሌቭዱንና ሞይሪን ወንዝ የሚለያቸው ሁለት ባሮኒዎች፣ እንደ ወረዳ ያሉ አገሮች ናቸው። ድሮ ሁለቱም የየራሳቸው ንጉሥ ነበራቸው ይባላል። ኋላ እንግሊዞች መጥተው ባሮኒ አሏቸው፤ ግብሩም የመንገድ ጥገናውም በዚያው ተደለደለ። ተራራውና ረግረጉ የኛ የስሌቭዱኖች ነው፤ ለሙ ሜዳ የሞይሪኖች። መንግሥት ሥራውን ሁሉ ለአውራጃው ምክር ቤት ካስረከበ ወዲህ ባሮኒ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ስሙና ጠቡ።

ሳቢና የሞይሪን ልጅ ነበረች። ወደኛ መጥታ ዳርቢን አገባች፤ ልጅ ሳይወልዱ አብረው አረጁ። ልትሞት ስትል «ከአባት ከእናቴ ጎን ቅበሩኝ» አለች። ከማዶ ያገባናቸው ብዙ ሴቶች እንዲህ ይላሉ። ችግሩ ወንድሟ ፌስተስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለቱ ባሮኒዎች ገበያ ላይ በዱላ ሲፋለሙ፣ የፌስተስን አንድ ዓይን ያጠፋው ዳርቢ ነው።

የሬሳ ሳጥኗን ተሸክመን የወንዙ ድልድይ ጋ ስንደርስ ወገኖቿ ማዶ ቆመው ይጠብቃሉ። እንደ ልማዱ መሃል ላይ አስቀመጥንላቸው።

«እህቴን እወስዳለሁ» አለ ፌስተስ። «ከእናንተ አንድ ሰው ቢሻገር ግን አብሯት ይቀበራል።»

«በአንድ ዓይንህ ማንን ልታይ ነው?» ብሎ ጮኸ ከኛ አንዱ።

«ዝም በል አንተ!» አለው ዳርቢ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «ውሰዳት ፌስተስ። እኔ እዚሁ እቆማለሁ።»

አነሷት። ጥቂት እንደሄዱ ሳጥኑ ወደ ጎን አዘመመ፤ ከረጅሙ ፌስተስ ጋር ከፊት የያዘው ሰው አጭር ነበር። ፌስተስ ቆመ። 

«አንተ ሰውዬ» አለው ዳርቢን፣ ዞር ሳይል። «ያ ሁሉ ቁመት ለምንህ ነው? ና ግባ ከሥር!»

ዳርቢ ብቻውን ተሻገረ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲሄዱ፣ እኛ ድልድዩ ላይ ቀረን።

ከቀብር ሲመለስ ከበብነው።

«መቱህ እንዴ?»

«ድንች በቅቤ አበሉኝ።»

«ፌስተስስ ምን አለህ?»

«በጠፋው ዓይኑ በኩል አስቀመጠኝ። ‹እዚህ ሆነህ ብላ፣ ሳላይህ› አለኝ።»

በዚያ ዓመትም ገበያው ላይ ዱላ ተማዘዝን። ዳርቢና ፌስተስ ግን አልመጡም። ዳርቢ በየጊዜው ወንዙን ተሻግሮ መቃብሯን አርሞ ይመለሳል፤ የሚነካው የለም። ከፌስተስ ጋር ይነጋገሩ እንደሆነ ግን ጠይቀነው አያውቅም።