ከኢቫሉ ቆጥ የወረደው ሥጋ

ኢቫሉ ባሏን ኑካን በቀበረች በዘጠነኛው ቀን ዋርሳዋ ኢኑተቅ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና ውሾቹን ወሰደ። አሥራ ሦስቱንም! «የወንድሜ ውሾች ናቸው፤ ሴት ብቻዋን በረዶ ላይ ምን ትሠራለች?» አለ ሰንሰለቱን እየፈታ። እሷ ከሃያ ዓመት በላይ ያን የበረዶ ጋሪ ስትነዳ የኖረች መሆኗን ግን እሱም ያውቃል፣ መንደሩም ያውቃል። መንደሩ አየና ዝም አለ። የሰው ዝምታ ደግሞ እንዴት ያንገበግባል!

ከኡማናክ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ በረዶ በሚሆንበት አገር ባሉት መንደሮች ውሻ የሌለው ሰው እግር የለውም ማለት ነው። የዓሣ መንጠቆዋ የተዘረጋው የቀዘቀዘው ባሕር መሀል ስለሆነ፣ ኢቫሉ እዚያ ለመድረስ የጎረቤቷን የቢቢያነን ደጅ መጥናት ግድ ሆነባት። ውሻና ጋሪ በተዋሰች ቁጥር አንጀቷ ያርር ነበር። ያኔ ነው ቂም የቋጠረችው። ውሾቹን ማስመለስ ባትችል እንኳ ያንን ሰውዬ አገር ምድሩ ፊት መሳቂያ ሳታደርገው ላትሞት ለራሷ ማለች።

ከአሥራ ሦስቱ መሪው ሲያሉክ ነው፤ አቤት ሲሞላቀቅ! ሌላው ውሻ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጥሬ ዓሣ ሲወረወርለት በአየር ላይ ቀልቦ ይሰለቅጣል። ሲያሉክ ግን ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሸትና ፊቱን ያዞራል። ኑካ «የማይበላ ውሻ አይጎትትም» ብሎ ጠመንጃውን አንስቶበት ነበር፤ «ለእኔ ተወው» ያለችው ኢቫሉ ናት። አልለመነችውም፣ አላባበለችውም። ዋልረስ የሚባለውን የባሕር አውሬ ሥጋ በጣት ልክ ቆርጣ፣ ብብቷ ሥር ይዛ በረዶውን ታቀልጥና በመዳፏ ታቀርብለታለች። ካልበላ ወዲያው ታነሳለች፤ እስከ ማግስቱ ሌላ ምግብ የለም። በሦስተኛው ቀን በላ። ከዚያ ወዲህ የእሷ እጅ ያልቆረጠውን ነገር አይቀምስም። አድጎም እንደ እሱ ያለ መሪ በሰፈሩ አልታየም።

ኢኑተቅ ይህን ሲነግሩት ሳቀ። ረሃብ ያስተምረዋል አለ። ረሃብ ምንም አላስተማረው! ጠዋትና ማታ የቀዘቀዘ የዓሣ አንጀት ይወረውርለታል፤ ሲያሉክ ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ በረዶውን ልሶ ይተኛል፤ አንዳንዴ ሲጠናበት ብቻ አንድ ሁለት ጉርሻ ይቀምሳል። ኢቫሉ ከመስኮቷ ሆና ማዶ ድንጋዩ ላይ የታሰረውን ውሻዋን ታያለች፤ በሁለት ወር ውስጥ የጎድን አጥንቱ ተቆጠረ። ግማሽ ልቧ «እሰይ፣ አትብላለት!» ይላል፣ ግማሹ ይነዳል። ጭራሽ ሌሎቹም እሱን አይተው ነው መሰል መምረጥ ጀመሩ። ሰውዬው ደግሞ የሚያዝያውን የመንደር እሽቅድምድም በወንድሙ ውሾች አሸንፋለሁ ብሎ ላገኘው ሁሉ ሲደነፋ ከርሟል።

እሽቅድምድሙ ሳምንት ሲቀረው የኢቫሉ መንጠቆ ሻርክ ያዘ። እዚያ አገር ጥሬ ሻርክ ለውሻ እንደማይሰጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ውሻ ጥሬውን ከበላ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ እግሩ ይተሳሰራል፣ በተለይ ሮጦ ከሞቀው አለቀለት። ጥቂት የበላ ተኝቶ ይነሳል፤ ብዙ የበላ አይነሳም። ስለዚህ ተዘልዝሎ ቆጥ ላይ ይሰቀልና ነፋሱ እስከ ውስጡ እስኪያደርቀው ወራት ይጠበቃል። ኢቫሉም አምና የደረቀው ካለበት አጠገብ አዲሱን ዘልዝላ ሰቀለችው። የሚያዝያ ነፋስና ውርጭ ቶሎ ላዩን ያጠቁረዋል፤ ላዩን ያየ ደረቀ ይላል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ነው። ይህንን ለይቶ የሚያውቀው የሰቀለ ሰው ነው። ኢኑተቅ በዕድሜው ሻርክ ሰቅሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚሰቅለው ወንድሙ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት፣ እሽቅድምድሙ በማግስቱ ሊሆን፣ ኢኑተቅ ጆንያ ይዞ ከተፍ አለ። ውሾቹ እምቢ እንዳሉት፣ በባዶ ሆድ እንደማይሮጡለት ነገራት። ቆጡም የወንድሙ ስለሆነ መጠየቅ እንኳ እንደማይገባው ጨመረበት። ከዚያ አዲሱን ዝልዝል በጣቱ መታ መታ አደረገና «ይሄማ ከዚያኛው ይሰባል፤ ደርቋልም» አለ፤ ለራሱ።

አልደረቀም። ቃሉ ኢቫሉ አፍ ውስጥ ነበር። ነገሩን በልቧ አሰበችው። አሥራ ሁለቱ ቢሰክሩ አንድ ቀን ተኝተው ይነሳሉ፤ እሱ ግን መሳቂያነቱ ዕድሜ ልኩን ነው። ሲያሉክ እንደሆነ ይህ ሰው የሚሰጠውን አይነካም፤ መሞላቀቁ ያድነዋል። ይሄን ብላ ጨከነች።

«ውሰድ» አለችው። «ካንተ የሚቀርበኝ ማን አለ?»

በማግስቱ ጠዋት መንደሩ እንዳለ በረዶው ላይ ወጣ። ስምንት ጋሪ ተሰለፈ፤ ኢኑተቅ መሀል ላይ፣ አዲስ የድብ ቆዳ ሱሪውን ለብሶ፣ አገጩን ቀስሮ። ውሾቹ ጸጥ ብለዋል እንጂ ምንም አይመስሉም። የመነሻው ተኩስ ተተኮሰ፤ ሁሉም ተፈተለኩ።

ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሄዱለት። ከዚያ አንደኛው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሌላው እሱ ላይ ወጣ፣ ሦስተኛው ጋሪውን ወደ ኋላ ሊጎትት ተነሳ፣ ገመዱ እንደ ተበላሸ ድር ተወሳሰበ። ኢኑተቅ አለንጋውን ሲያነሳ ጋሪው ተገለበጠና እሱ በፊቱ ተደፋ። ከሰዉ መሀል አንዱ «ትናንት ምን ዓይነት ድግስ ነበር፣ እኛን ምነው ሳትጠራን!» ብሎ ጮኸ፤ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ኢቫሉም ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እንባዋን ጠርጋ ስታይ ግን ከፊት ያለው ውሻ በጎኑ ወድቋል። አሥራ ሁለቱ እየተነሱ ይወድቃሉ፤ እሱ አይነሳም። እየተንሸራተተች ሮጠች።

ኢኑተቅ ኮፍያው ወድቆ፣ ከንፈሩ ደምቶ ውሻው አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ድንፋታው ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

«በላልኝ እኮ፣ ኢቫሉ» አላት። «ሁለት ወር ሙሉ እኔን አሻፈረኝ ያለው፣ ትናንት ጆንያውን ስፈታ የእጅሽ ሽታ ሲሸተው እንደ ቡችላ አለቀሰ። ደስ አለኝና የሌሎቹን እየቀነስኩ ለእሱ ሰጠሁት። አሁንስ ተላመድን ብዬ…»

ኢቫሉ ተቀምጣ የሲያሉክን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። ዓይኑ ፈዟል፣ ምላሱ ወጥቷል፤ ጓንቷን አውልቃ እጇን አፍንጫው ላይ ስታደርግ ግን አሸተተ። ሊልሳትም ሞከረ፤ አልቻለም። ጥቂት ቆይቶ ጎኑ መነሳቱን አቆመ። እሷ እጇን ከአፍንጫው አላነሳችም፤ ጣቶቿ በብርዱ እስኪነጡ ድረስ እዚያው አቆየችው።

ቢቢያነ ከኋላዋ ደርሳ ትከሻዋን ያዘች። ሳቁ ገና ከፊቷ አልጠፋም። ጎንበስ ብላ፣ በቀስታ፣ «አይዞሽ፤ ያ ግፈኛ እንዴት እንደተዋረደ አየሽ? እግዜር ፈረደልሽ» አለቻት።

«እግዜርን ተይው» አለች ኢቫሉ፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ጥሬ መሆኑን አውቄ ነው የሰጠሁት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ኢኑተቅ ቀና ብሎ አያት።